ዙር መቶ ሃምሳ ሦስት

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 6፣ 1994

ላኒ ቢቨርስ የሚባለው የክብር አዳራሹ ሰውዬ ዛሬ ጠዋት መጥቶ ነበር። ኖቬምበር 12 ቀን ባሌን ቨርሊንን ከታላላቆቹ የመኪና እሽቅድምድም ሾፌሮች ተርታ ሊያስገቡት ነው። ፊቱ በነሐስ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። መጀመሪያ የደወሉለት ቀን ጓደኞቹ የሚቀልዱበት መስሎት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ነበር የዘጋው። ዛሬ ግን የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ እንደ ሙሽራ ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

«ገድላቸውን እርስዎ ቢጽፉልን፣ በዕለቱም እርስዎ ቢያነቡልን ደስ ይለናል፣ ወይዘሮ ስተርጂል» አለኝ ላኒ።

«እኔ? የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ሳነብ እንኳ ጉልበቴ ይከዳኛል!»

«እሺ በዪው እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ» አለ ቨርሊን። «የነዳሁት እኔ፣ የቆጠረችው እሷ። ከሷ በላይ ማን ያውቃል?»

እሱስ እውነቱን ነው። ያኔ የመኪና ዙር የሚቆጥር ማሽን የት ነበር? የየሾፌሩ ሚስት ትራኩ ዳር ካለው ማማ ላይ ትቀመጣለች። ባሏ ከፊቷ ባለፈ ቁጥር ትልቁን ሰዓት ቀና ብላ ታይና በእርሳስ ካርዷ ላይ ትጽፋለች። ማን አሸነፈ የሚባለው በኛ ካርድ ነበር። አቧራው፣ ጩኸቱ፣ የጎማው ሽታ። አሥራ አንድ ዓመት ቆጥሬለታለሁ። እሺ አልኩ።


ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 9

ዝርዝሩን ጀመርኩ። ስልሳ አንድ ድል። አራት ጊዜ ሻምፒዮን፦ 1969፣ 72፣ 73፣ 77። የአምስት መቶ ማይሉን ውድድር ሁለት ጊዜ። አንዴ የእጁ አንጓ ተሰብሮ፣ በፋሻና በእንጨት ጠፍሬው፣ ሁለተኛ ወጥቷል። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ልጆቹ የሚሆኑትን ጎረምሶች ቀድሞ ገብቷል። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጨርሺ ይሉኛል።

ሁሉንም ያመጣው 69 ነው። ያን ዓመት በዘጠኝ ነጥብ ሻምፒዮን ባይሆን ኖሮ ሻርሎት ከተማ ያሉት ባለሀብቶች መኪና አይሰጡትም ነበር። እስከ ዛሬ እዚሁ ከተማችን ሬድ ባንክ የሰው ትራክተር ሲጠግን ይኖር ነበር። እንደ ድሮ ተቀናቃኙ እንደ ሆይት።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 15

ላኒ አንድ ካርቶን አመጣ። የድሮው ትራካችን ማማ ሊፈርስ ሲል ከጣሪያው ሥር የተገኘ የቆጠራ ካርድ ነው። «የሚያምሩትን ይምረጡልን፣ መስታወት ውስጥ እናስቀምጣቸዋለን» አለኝ። የራሴን እጅ ጽሑፍ ሳይ እንባዬ መጣ። ምን ዓይነት ቆንጆ ጽሑፍ ነበረኝ!

ከሰዓት በኋላ ሆይት ማባሪ ቲማቲም ይዞልን መጣ። የመጨረሻው ነው፣ ከዚህ በኋላ ውርጭ ይመታዋል አለ። ቨርሊን በረንዳው ላይ ሆኖ ገና ከሩቅ ጀመረው።

«ስንት ነው ያመጣኸው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ኔልዳ! ቁጠሪው፤ ይሄ ሰውዬ አንድ ይጨምራል!»

ሆይት እንደ ወትሮው ፈገግ አለና ኮፍያውን አስተካከለ። የ69 የመጨረሻውን ውድድር ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ብሎ መኪናውን ከቨርሊን መኪና ጎን፣ አሸናፊው የሚቆምበት ቦታ ላይ ገትሯት ነበር። ፖሊስ ነው ያስወጣው። ከዚያች ቀን ወዲህ አገሩ ሁሉ እንደሳቀበት ነው። በሚቀጥለው ዓመት መኪናውን ሸጦ መንዳት ተወ፤ አኩርፎ ነው ተባለ። ጸጉር ቤት ሲገባ እስከ ዛሬ «ሆይት፣ ስንተኛው ዙር ላይ ነን?» ይሉታል።

ቲማቲሙ አሥራ ሁለት ነው።


ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 17

ቨርሊን ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

የዚያን ውድድር ካርድ አገኘሁት። የኔንም፣ የፈርንንም፤ ፈርን የሆይት ሚስት ናት። ለመስታወቱ እሱ ነው የሚያምረው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ፣ መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አየሁት። መቶ ሃምሳ ሁለተኛው ዙር፣ 63 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ። መቶ ሃምሳ ሦስተኛው፣ 63 ከ47። ቀጣዩ 64 ከ00።

የኛ ትራክ አንዱ ዙር ሃያ አምስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። በአሥራ ሁለት ሰከንድ የሚዞራት መኪና አልተፈጠረም፤ አይፈጠርምም።

የሆይትን አነሳሁ። 63 ከ22፤ ከዚያ ዘልሎ 64 ከ12። ሃምሳ ሰከንድ። አንድ ዙሩ የለም። 63 ከ47 ላይ ያለፈው እሱ ነው። የተጻፈው ግን ባሌ ካርድ ላይ ነው፤ በኔ እጅ።

ክው አልኩ። ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ድስቱ አርሮ ጭሱ ቤቱን ሲሞላው ነው የባነንኩት።

ሆይት ነው ያሸነፈው። ሆይት ነው።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 18

ቤተ ክርስቲያን። ሆይትና ፈርን ከፊታችን ወንበር። አንገቱን ብቻ ሳይ ዋልኩ። ስብከቱ ስለምን እንደነበር ጠይቁኝ፣ አላውቅም።


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 21

አራት ጊዜ ደግሜ ቆጠርኩት። ምን ይለወጣል? አይለወጥም።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ያሳብደኛል። እኔና ፈርን ማማው ላይ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው። ወንዶቻችን ታች እየተገፋፉ እኛ ከላይ ሆነን የተቀቀለ ለውዛችንን ከአንድ ከረጢት እንበላለን። አንዷ መነሳት ካለባት የሌላዋ ባል ተቀናቃኝ ነው ብሎ ነገር የለም፤ ጎረቤቷ ካርዷን ትይዝላታለች። ሁላችንም እንዲያ ነበርን። ያለዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማን ይቀመጣል? ደንቡ ግን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ማንም አያወራውም።

ያን ቀን ፈርን ሆዷን ይዛ ጎንበስ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ያዢልኝ ኔልዳ» ብላ ካርዷን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ ወረደች። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየች። ሁለት ካርድ፣ ሁለት መኪና፣ አቧራ። ተምታታብኝ። በቃ፣ ተምታታብኝ። ሰው አይሳሳትም?

ዋናው ቆጣሪ ውድድሩ እንዳለቀ ካርዶቹን መርምሬያለሁ አለ። ስንት ቁጥር እንዳለ ነው የቆጠረው፤ በየመሃላቸው ስንት ሰከንድ እንዳለ አላየም። ሊዘንብ ነበር፤ ሁሉም ወደየቤቱ ቸኩሏል። ነፍሱን ይማረው፣ ሞቷል።

የሆይት ካርድ ላይ፣ 64 ከ12 የተጻፈበት ሳጥን ወረቀቱ ሳሳ ብሏል። እርጥበት ይሆናል። ሃያ አምስት ዓመት ጣሪያ ሥር የከረመ ወረቀት ነው።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 1

የእሳት አደጋ ተከላካዮቹ ክበብ የአሳማ ጥብስ ምሳ ነበረው። ቨርሊንን ተናገር አሉት። ያችኑ የዘወትር ቀልዱን አመጣት፤ «ሆይትን ስንት ልጅ አለህ በሉት እስኪ፤ አንድ ነው ያለው፣ ሁለት ይላችኋል!» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሆይትም ሳቀ። ፈርን ሳህኗን ይዛ ወደ ውሃ ቧንቧው ሄደች።

ይህቺን ቀልድ ስንት ጊዜ ሰምቼ ስቄያለሁ? መቶ? ዛሬ አልሳቅኩም። ምን ዓይነት ሰዎች ነን?


እሑድ፣ ኦክቶበር 9

ለቨርሊን ነገርኩት።

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ሁለቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ጣቴን እያስኬድኩ አሳየሁት። ይጮሃል ብዬ ነበር። ያለቅሳል፣ ልቡ ይቆማል ብዬ ለሐኪም ለመደወል ከስልኩ አጠገብ ነበር የቆምኩት። እሱ ግን ቀዝቃዛ ሻዩን ጠጣና መነጽሩን አወለቀ።

«እና አሁን ምን አስነሳው ይሄን?» አለኝ።

«ገባህ ወይ ያልኩህ? አላሸነፍክም እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ባላሸንፍ አላውቅም እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ? መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሆይት አንድ ሙሉ ዙር ደርቦኝ አልፎ፣ ሁለተኛ ሊደርብኝ ግማሽ ዙር ነበር የቀረው። የአሸናፊውን ባንዲራ ለኔ ሲያወርዱት ሰውየው አበደ ወይ ብዬ ነበር።»

ተቀመጥኩ። ሃያ አምስት ዓመት! አንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ማዕድ ላይ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ያን ጊዜ እጄን ያዘኝ። እጁ ሞቃት ነበር። «አንቺ ያደረግሽልኝን እኔ እንዴት ላፍርስ?» አለኝ። «ማታ ቤት ስንገባ አንድ ቃል አልተናገርሽም። ገባኝ። ይህቺ ሴት ለኔ ስትል ነፍሷን ሸጠች አልኩ። ከዚያ በኋላ ስንት ቆንጆ በየከተማው ሲከበኝ ዞሬ ያላየሁት ለምን ይመስልሻል?»

«ተሳስቼ ነው፣ ቨርሊን!»

ረጅም ጊዜ አየኝና ሳቅ አለ። «እሺ» አለ። «ተሳስተሽ ነው።»


ሰኞ፣ ኦክቶበር 10

አያምነኝም። የገዛ ባሌ። ከሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳሬ ሃያ አምስቱ በምን ላይ እንደቆመ ትናንት ሰማሁ። ሌባ መስዬው ነው የወደደኝ።

ተሳስቼ ነው።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 19

ቨርሊን «ኖቬምበር 12 ይለፍና እንደፈለግሽ አድርጊ» ይለኛል። ይለፍና ነሐሱ ይሰቀል። ያኔ ማን ያወርደዋል?

ሆይት ሥራ በሄደበት ሰዓት ፈርን ዘንድ ሄድኩ። ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። ነገርኳት። ጣቷ ቆመ። ከዚያ ተነስታ ማንም በሌለበት ቤት በሩን ዘጋች።

«ለሱ ነግረሽዋል?»

«ገና።»

«እንዳትነግሪው» አለችኝ። «በጌታ ይዤሻለሁ ኔልዳ፣ እንዳትነግሪው።»

ለካስ ያን ቀን አርግዛ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ወርዶባታል። ሆይት ሦስተኛው እስኪጸና ትራክ ድርሽ እንዳትዪ ብሏት ነበር፤ ለሱ ግን አላረገዝኩም ብላው መጣች፤ የመጨረሻው ውድድር አያምልጠኝ ብላ። ደሙ የጀመራት ማማው ላይ ነው። ታች ሽንት ቤት ውስጥ አለቀ። ታጥባ፣ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ ተመልሳ ከጎኔ ተቀመጠችና እርሳሷን አነሳች። እኔ «ደህና ነሽ?» አልኳት፣ «ደህና» አለችኝ። ወይ እኔ! ወይ ጉዴ! ከጎኔ ተቀምጣ እኮ ነው።

«ማታ ሆይት ሲጠይቀኝ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም አልኩት» አለችኝ። «አንድ በአንድ ቆጥሬሃለሁ፣ አላሸነፍክም አልኩት። ምን ልበለው? የት ነበርሽ ቢለኝስ? ከዚያ አንዴ ካልኩት ወዲያ ስንት ዓመት እያልኩት ኖርኩ። አንቺ ትይዥዋለሽ ብዬ አምኜ ነበር እኮ።»

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላሉ። እኔ ጠጠሩንም አልመለስኩላትም። የቨርሊን ቀልድ፣ አንድ ይጨምራል የሚለው፣ ትዝ አለኝና የምገባበት ጠፋኝ። ባቄላውን አብሬያት ፈልፍዬ ሄድኩ።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 3

እንቅልፍ የለም። ስልሳ አንድ ብዬ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። ስልሳ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ።

ቨርሊን፦ አታዋርጂኝ።
ፈርን፦ አታፍርሺኝ።
ሆይት ምንም አላለኝም፤ አያውቅማ። ትናንት የሣር ማጨጃችንን ጠግኖ መለሰልን፤ ዋጋ ተቀበል ብንለው እምቢ አለ።

የሆይት ካርድ ላይ የሳሳውን ቦታ ለማንም አልነገርኩም። ምን ብዬ? ላጲስ ሁላችንም ነበረን። ፈርንም ታጠፋ ነበር። እርጥበት ነው።


ዓርብ፣ ኖቬምበር 11

ጸጉሬን ተሠራሁ። ሰማያዊው ቀሚስ። ነገ በምሳ ሰዓት። ጌታ ሆይ፣ አፌን ያዝልኝ ወይም ፍታልኝ፤ አንዱን።


እሑድ፣ ኖቬምበር 13

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ትናንት የሆነውን እንዳለ ልጻፍ።

አራት መቶ ሰው ነበር። ማባሪዎቹን ቨርሊን ራሱ ነው የጋበዛቸው፤ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ሆይት ክራቫት አድርጎ፤ ለልጁ ሠርግ ያደረጋት ክራቫት ናት። ላኒ ስሜን ጠራ። ወጣሁ። ወረቀቱን ይዤ አነበብኩ፤ የተሰበረውን እጅ፣ አምስት መቶ ማይሉን፣ አርባ ዘጠኝ ዓመቱን። ሰዉ ያጨበጭባል። የድሉ ቁጥር ጋ ደረስኩ።

«ስልሳ» አልኩ።

ላኒ ከጎኔ ሆኖ ሳቅ እያለ «ስልሳ አንድ ነው፣ እመቤቴ» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ቨርሊን ከመቀመጫው ሆኖ «አንዷን ድል እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ባሰ። ፈርን አንገቷን ደፋች።

«ስልሳ» አልኩ ደግሜ፤ ወረድኩ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አራት መቶ ሰው ፊት አልቻልኩም። ፈሪ ነኝ፤ ልጽፈው እንጂ ምን ይጠቅማል መሸፋፈኑ? ቨርሊን ነሐሱን ተቀበለ፣ ፎቶ ተነሳ፣ የሙዝ ጣፋጭ ቀረበ። ወደ ልብስ መስቀያው ኮሪደር ሸሸሁ። ሆይት ተከትሎኝ መጣ፤ ፈርን ከኋላው።

«ሁለት ጊዜ ነው ያልሽው» አለኝ። «አንዴ ብትዪ ስህተት ነው እላለሁ። አንቺ ግን በቁጥር ሁለት ጊዜ አትሳሳቺም።»

ካርዱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። የቨርሊንን ብቻ ነው የያዝኩት፤ የሱን፣ ያን የሳሳውን፣ ቤት ትቼዋለሁ፣ አንዱ ይበቃል ብዬ። ጣቴን መቶ ሃምሳ ሦስት ላይ አደረግኩለት። እሱ ሾፌር ነው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አሥራ ሁለት ሰከንድ ብቻ መሆኑን ሲያይ ካርዱን ወደ ዓይኑ አቀረበ።

«ይሄ የኔ ዙር ነው» አለ።

«ያንተ ነው። ካርድህን እኔ ነበርኩ የያዝኩት።»

«አይደለም። የኔን ፈርን ናት የያዘችው። ከወንበሯ አልተነሳችም።»

አፌን ልከፍት ስል ፈርን ቀደመችኝ። «ተነስቼ ነበር» አለችው። ግድግዳውን ተደግፋ ነው። «ልጅ ነበር፣ ሆይት። ማማው ላይ ነው የጀመረኝ። ፈርቼህ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ የሰው ካፖርት ብቻ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃ ጀመሩ። ሆይት ሁለታችንንም አላየንም፤ ካርዱን ብቻ ነበር የሚያየው። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም። ይቆጣናል፣ ይሰድበናል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበን በወደድኩ።

«መንዳት ለምን እንደተውኩ ታውቂያለሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አኩርፈህ።»

«የምን ኩርፊያ? ያን ክረምት ሙሉ አሰብኩት። ፈርን ቆጥራኛለች፣ አንቺ ቆጥረሻል፤ ሁለታችሁም አትዋሹም። እንግዲያው ያላለፍኩትን ሰው አለፍኩት ብዬ አይቻለሁ ማለት ነው። በመቶ ማይል ፍጥነት የሌለ ነገር የሚያይ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ሰው ይገድላል። ጭንቅላቴ ታሟል አልኩ። ለማንም አልነገርኩም። መኪናዋን የሸጥኳት ለዚያ ነው።» ካርዱን በጣቱ ዳበሰ። «እስከ ዛሬ ልጄን መኪና ላይ አሳፍሬ ሩቅ መንገድ ነድቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ፈርን ናት የምትነዳው። አላስተዋላችሁም?»

አላስተዋልንም። ሃያ አምስት ዓመት ከፊታችን ሲመላለስ፣ እኛ ስንስቅ፣ ማንም አላስተዋለም። እግዚኦ! ድሉን የወሰድኩበት መስሎኝ ነበር የመጣሁት። ጭንቅላቱን ነው የወሰድኩበት። አለቀስኩ፤ ፈርንም አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም። ፊቱ እየቀላ፣ እየተፈታ መጣ፤ አዲስ ነገር የተሰጠው ሰው መሰለ።

«አላበድኩም ማለት ነዋ» አለ። «አይቻለሁ ማለት ነው። አልፌው ነበር።»

«አልፈኸው ነበር።»

ካርዱን አጠፈና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይኔን አየኝ።

«ተሳስተሽ ነበር አይደል፣ ኔልዳ?»

«አዎ» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለኝ፤ እጄን በሁለት እጁ ይዞ። «ሌላ ሰው ቢሆን አይነግረኝም ነበር።»